ከመኪና አደጋ በኋላ ጠበቃ መያዝ፦ በከተማው ዳር ለምንኖር

መኪና የገጨው ሰው ቤት ሁለት ዓይነት እንግዳ አይጠፋም። አንዱ የባለመኪናው ሽማግሌ ነው። ሌላው «አንድ ጎበዝ ጠበቃ አውቃለሁ» የሚል ዘመድ ነው። ሁለቱም በቅን ልብ ሊመጡ ይችላሉ። ለሁለቱም መልስ ከመስጠታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አጣሩ፤ የአደጋው መዝገብ የተከፈተው የት ነው?

ፒያሳ ወይም መገናኛ ለሚኖር ሰው ይህ ጥያቄ ብዙም አያስጨንቅም። በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በለገጣፎ፣ በአሸዋ ሜዳ፣ በሱሉልታ መንገድ ለምንመላለሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። የጠበቃው ፈቃድ ዓይነት፣ የክሱ ቋንቋ፣ ለቀጠሮ የምትሄዱበት መንገድ ሁሉ በዚህ ይወሰናል።

1. ሕክምናና ፖሊስ

ሕይወት ይቀድማል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939፣ የአዲስ አበባ ፖሊስ 991 ነው። ለተጎጂ አስቸኳይ ሕክምና የሚውል ገንዘብም በሦስተኛ ወገን መድን (ባለመኪናው መኪናው ለሚጎዳው ሌላ ሰው የሚገባው ኢንሹራንስ) አዋጅ ውስጥ አለ። ስለዚህ ሆስፒታል ስትደርሱ «የመኪና አደጋ ነው» ብላችሁ አስመዝግቡ። «ወድቆ ነው» ተብሎ የተጻፈ ካርድ በኋላ ብዙ ያስለፋል።

ከቤተሰብ አንድ ሰው ደግሞ መንገዱ ላይ ይቅር። ሰሌዳውን ከነኮዱ ፎቶ ያንሳ። የፊት መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን የሦስተኛ ወገን ስቲከርም በቅርብ ያንሳ፤ የኢንሹራንሱ ስምና ዘመኑ እሱ ላይ ነው። ሲኖትራክም ይሁን ባጃጅ ያው ነው። ያዩ ሰዎችን ስምና ስልክ ይያዝ። ጀበና ዘርግታ ቡና የምታፈላው ሴትና ጀብሎው ከማንም በላይ ያዩ ናቸው፤ ግን በሳምንቱ ቦታ ሊቀይሩ ይችላሉ። ትራፊክ ፖሊሱ ፕላን (የአደጋውን ቦታ ንድፍ) ሲያነሳ አብሮ ቆሞ ይመልከት። መኪናው የቆመበት፣ የፍሬን ምልክቱ፣ የእግረኛ ማቋረጫው ርቀት የሚሰፍረው እዚያ ወረቀት ላይ ነው። በኋላ ክርክሩ ሁሉ የሚዞረው በዚሁ ወረቀት ዙሪያ ነው።

2. መዝገቡ በየትኛው በኩል ነው?

ሸገር ከተማ በ2015 ዓ.ም. ሲመሠረት ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ገላን በአንድ የኦሮሚያ ከተማ አስተዳደር ሥር ገቡ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ፣ የአዲስ አበባና የኦሮሚያ ወሰን ስምምነት ተደርጓል። በዚህ ምክንያት የለመድነው የሰፈር ስም አደጋው በማን አስተዳደር ውስጥ እንደደረሰ ላይነግረን ይችላል። ታክሲ ውስጥ «አዲስ አበባ ነው እኮ» ብትባሉም አትመኑ። አደጋውን የመዘገበው ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ የመዝገብ ቁጥሩን፣ የመርማሪውን ስምና ስልክ ጻፉ። ጣቢያው የአዲስ አበባ ፖሊስ ነው ወይስ የኦሮሚያ? መልሱ እሱ ነው።

ይህ ለምን ይጠቅማል? የፌዴራል ጥብቅና ፈቃድ ያለው ሰው፣ የአዲስ አበባዎቹን ጨምሮ፣ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ይከራከራል። በኦሮሚያ ፍርድ ቤት ለመቆም የክልሉ ፈቃድ ያስፈልጋል። የሥራ ቋንቋውም ይለያል፤ በአንዱ አማርኛ፣ በሌላው አፋን ኦሮሞ ነው። መሀል ከተማ ፎቅ ላይ ቢሮ ያለው ጠበቃ ከተቀበላችሁ በኋላ «ለሰበታው መዝገብ ሌላ ሰው ላምጣ» ካለ፣ ሁለት ሰው መክፈላችሁ ነው።

ምርጫም ሊኖራችሁ ይችላል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ በአንቀጽ 27 በአካል ላይ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠይቅ ሰው አደጋው በደረሰበት ቦታ ወይም ተከሳሹ በሚኖርበት ቦታ እንዲከስ ይፈቅዳል። አደጋው ገላን ደርሶ ባለመኪናው ሳሪስ የሚኖር ከሆነ ሁለቱም በር ሊከፈት ይችላል ማለት ነው። ከሳሽና ተከሳሽ የተለያየ ክልል ነዋሪ ሲሆኑ ደግሞ ጉዳዩ የፌዴራል ሥልጣን ሊሆን የሚችልበት አጋጣሚ አለ። እዚህ ላይ ራሳችሁን አታድክሙ። ጠበቃውን በመጀመሪያው ቀን «የት ነው የምንከሰው? ለምን?» ብላችሁ ጠይቁት። አጥርቶ የሚመልስ ከሆነ ሥራውን ያውቃል። «እሱን ለኔ ተዉት» ካለ ሌላ ጠበቃም አነጋግሩ።

3. ሽማግሌ ሲመጣ

ሽማግሌን በር ላይ መመለስ ነውር ነው። መመለስም አያስፈልግም። ይግቡ፣ ቡና ይጠጡ፣ ይቅርታም ይባባል። ለሕክምና ገንዘብ ከሰጡም ተቀበሉ። ችግሩ ከቡናው በኋላ የሚወጣው ወረቀት ነው።

ወረቀቱ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይላል፤ «ለደረሰብኝ ጉዳት በሽማግሌዎች ፊት ይህን ያህል ብር ተቀብያለሁ፤ ከእንግዲህ በፍትሐ ብሔርም ሆነ በወንጀል ጥያቄ የለኝም።» በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3312 መሠረት የዕርቅ ስምምነት በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። ከስድስት ወር በኋላ እግሩ እንደገና ቀዶ ጥገና ቢያስፈልገው «ያኔ አላወቅንም ነበር» ማለት ዋጋው ትንሽ ነው።

ስለዚህ ገንዘቡን ስትቀበሉ «ለሕክምና ወጪ በቅድሚያ የተሰጠ፤ የካሳ ጥያቄው እንደተጠበቀ ነው» ተብሎ ይጻፍ። ይህን ለመጻፍ እሺ ካላሉ ሐሳባቸው ገባችሁ ማለት ነው። ሽማግሌዎቹን «አባቶቼ፣ ሐኪም ጨርሷል ሲለን እንነጋገራለን» ማለት ክብር መንሳት አይደለም።

ዕርቁ ሲንዛዛ ግን ዓይናችሁ ከቀን መቁጠሪያው አይነሳ። የካሳ ክስ በመርህ ደረጃ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን አንሥቶ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ አንቀጽ 2143 ነው። አድራጎቱ ረዘም ያለ ይርጋ (የክስ ማቅረቢያ ጊዜ ገደብ) ያለው ወንጀል ከሆነ ጊዜው ሊረዝም ይችላል፤ በዚያ ግን አትተማመኑ። «ከፋሲካ በኋላ»፣ «ክረምቱ ይውጣ» እየተባለ ሁለት ዓመት እንደዋዛ ያልፋል።

4. «ሾፌሩ ታስሯል፤ ጠበቃ ለምን?»

ይህ ጥያቄ በየቤቱ ይነሳል። ዐቃቤ ሕግ ሾፌሩን የሚከሰው ለመንግሥት ነው፤ ውጤቱ እስራት ወይም መቀጮ ነው። ካሳ የእናንተ ጥያቄ ነው፤ ካልጠየቃችሁ ማንም በራሱ አያመጣላችሁም።

ሾፌሩ በወንጀል ነጻ ቢወጣም ተስፋ አትቁረጡ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2149 መሠረት የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤቱ በዚያ ውሳኔ አይገደድም። ባለመኪናው ደግሞ በአንቀጽ 2081 መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ እሱ በዕለቱ እንቅልፍ ላይ የነበረ ቢሆንም። መከላከያው በዋናነት የተጎጂውን ጥፋት ማስረዳት ነው። በአጥር ዘሎ ቀለበት መንገድ ያቋረጠ ሰው ካሳው ሊቀነስበት የሚችለው ለዚህ ነው። የተጎዳው ተሳፋሪ ከሆነ የማጓጓዣ ውል ስላለ የሕጉ መሠረት ይለያል፤ ይህንንም ጠበቃው በመጀመሪያው ቀን ይንገራችሁ።

5. ጠበቃውን ማግኘትና ማጣራት

ከሆስፒታል በር ላይ አትጀምሩ። ጥሩነሽ ቤጂንግ፣ አለርት ወይም አቤት ሆስፒታል የተኛ ሰው አስታማሚ «ካሳ እናስከፍላለን» የሚል ደላላ ሊያጋጥመው ይችላል። ደላላው የሚያገኘው ኮሚሽን ከማን ኪስ እንደሚወጣ ግልጽ ነው። ፍርድ ቤት አጥር ሥር ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎችም ለቀላል አቤቱታ ይጠቅማሉ፤ የአካል ጉዳት ክስ ግን ከእነሱ አቅም በላይ ነው።

የተሻለው መንገድ ተመሳሳይ ጉዳይ የጨረሰ ሰው መጠየቅ ነው። በዕድር፣ በማኅበር፣ በባጃጅ ተራ አስከባሪዎች ዘንድ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። ስትጠይቁት «ጠበቃው ጎበዝ ነበር?» አትበሉ፤ ሁሉም አዎ ይላል። «ገንዘቡ እጅህ ገባ? በስንት ጊዜ? ስትደውል ያነሳ ነበር?» በሉት።

ከዚያ ፈቃዱን አጣሩ። በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 መሠረት የፌዴራል ጠበቆች ፈቃድ በፍትሕ ሚኒስቴር በኩል ይሰጣል፤ የኢትዮጵያ ፌዴራል ጠበቆች ማኅበርም የተቋቋመው በዚሁ አዋጅ ነው። የኦሮሚያን ፈቃድ የሚሰጠው ክልሉ ነው። ፈቃዱን አሳዩን ማለት ስድብ አይደለም፤ ደህና ጠበቃ ሳትጠይቁት ያሳያል። ቁጥሩን ጻፉ፣ መታደሱን እዩ፣ እስከ የትኛው ደረጃ ፍርድ ቤት እንደሚሠራ ጠይቁ። «ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ» የሚል ሰው ጠበቃ አይደለም።

ቢሮው ስትገቡ ስለ ሜዲካል ቦርድ (ጉዳቱን በፐርሰንት ስለሚወስኑት ሐኪሞች)፣ ስለ ኢንሹራንስ ጣሪያ፣ ስለ ባለንብረቱ አንሡበት። በአካል ጉዳት ጉዳይ የሠራ ሰው ሳትጨርሱ ይቀጥልላችኋል። ችሎት የሚቆመው እሱ ራሱ ይሁን ረዳቱም አጣሩ። ጉዳዩ ለገጣፎ ከሆነ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል እዚያ መገኘት ይችላል? ቀላል ጥያቄ ይመስላል። ግን ጠበቃው በትራፊክ መጨናነቅ የቀረበት ቀጠሮ ለወራት ሊተላለፍ ይችላል። «መቶ በመቶ እናሸንፋለን» ካላችሁ ግን አመስግናችሁ ውጡ።

አቅም ለሌለው ሰውም መንገድ አለ። ጠበቆች ነጻ የሕግ አገልግሎት የመስጠት ግዴታ አለባቸው፤ ማኅበራቸውን ጠይቁ። የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ድጋፍ ማዕከላትም አቅም ለሌላቸው በነጻ ያግዛሉ። የዳኝነት መክፈያ የሌለው ሰው «በደሃ ደንብ» እንዲከስ መጠየቅ ይችላል። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 58 መሠረት ደግሞ የትዳር ጓደኛ፣ ወንድም፣ ልጅ ወይም ወላጅ በውክልና ፍርድ ቤት ሊቆምላችሁ ይችላል።

6. የክፍያ ውልና ውክልና

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። ብዙ ቂም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ክፍያው በጽሑፍ ይሁን። በቁርጥ ከሆነ ስንት በቅድሚያ፣ ስንት ክስ ሲከፈት፣ ስንት ሲፈረድ ተብሎ ይከፋፈል። በፐርሰንት ከሆነ ደግሞ አንድ ቃል እዩ፤ ፐርሰንቱ «ከተፈረደው» ነው ወይስ «እጃችን ከገባው»? ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። 800,000 ብር ተፈርዶ 200,000 ብር ብቻ ቢሰበሰብ፣ በመጀመሪያው ቃል የጠበቃው ድርሻ የሚሰላው ከ800,000 ነው። ውሉ ላይ «ከተሰበሰበው» ተብሎ ይጻፍ። ሽማግሌዎቹ ለሕክምና የሰጡት ገንዘብ ከፐርሰንቱ ውጭ መሆኑም ይጻፍ።

የዳኝነት ክፍያ፣ የትርጉም፣ የትራንስፖርትና የኮፒ ወጪ የማን ነው? ይግባኝ ቢመጣ ተጨማሪ ይከፈላል? ፍርዱን ማስፈጸሙስ? ሦስቱም ያልተጻፉበት ውል ግማሽ ውል ነው። ለእያንዳንዱ ብር ደረሰኝ ጠይቁ።

ውክልናው የሚሰጠው በሰነዶች ማረጋገጫ፣ ብዙዎቻችን «ውልና ማስረጃ» በምንለው ቢሮ ነው። ታማሚው መንቀሳቀስ ካልቻለ ሠራተኞቹ ወዳለበት እንዲመጡ ይጠየቃል። ራሱን ለማያውቅ ሰው ግን ማንም ዘመድ ዝም ብሎ ሊፈርም አይችልም፤ ያ በፍርድ ቤት በኩል የሚያልፍ ጉዳይ ነው።

ውክልናውን ከመፈረማችሁ በፊት ጮክ ብላችሁ አንብቡት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 ክስ ለማቅረብ፣ ለመታረቅና በግልግል ዳኛ ለመጨረስ ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል። ክስ የማቅረብና የመከራከር ሥልጣን ስጡት፤ ያለዚያ አይሠራም። «ለመታረቅ» እና «ገንዘብ ለመቀበል» የሚሉትን ግን ከልባችሁ ካላመናችሁበት አታስገቡ። ቢሮው ውስጥ የተዘጋጀው ፎርም ሁሉንም ደርድሮ ሊይዝ ይችላል። «እነዚህ ሁለቱ ይውጡ፤ ዕርቅ ሲመጣ እኔ ራሴ እፈርማለሁ፤ ክፍያውም በእኔ ሒሳብ ይግባ» በሉ። ጠበቃው በዚህ ቢቀየም እንኳ ተስማምታችሁ ጀምሩ፤ በኋላ ከመካሰስ ይሻላል።

7. ጉዳቱን በቁጥር ማስረዳት

ዳኛው ስቃያችሁን ቢያይም ካሳ የሚያሰላው በወረቀት ነው። ሕክምናው ሲያበቃ የሜዲካል ቦርድ ማስረጃ አውጡ። ቦርዱ ቋሚ የአካል ጉዳቱን በፐርሰንት ይጽፋል። ቁጥሩ ከገቢው ጋር ይባዛል።

ስሌቱ በግርድፉ ይህን ይመስላል። ገላን አንድ ሳይት ላይ በቀን 500 ብር የሚሠራ የ40 ዓመት ግንበኛ አለ እንበል። በወር 25 ቀን ቢሠራ 12,500 ብር ነው። ቦርዱ 30 ፐርሰንት ቢል በወር 3,750 ብር፣ በዓመት 45,000 ብር አጥቷል። እስከ 60 ዓመቱ ቢሠላ 900,000 ብር ይመጣል። ፍርድ ቤቱ በርትዕ ሊቀንሰው ይችላል፤ በአንዴ የሚከፈል ገንዘብ ስለሆነም ሊያሳንሰው ይችላል። ያም ሆኖ ሽማግሌው ይዞት ከመጣው ፖስታ ጋር አወዳድሩት።

ገቢን ማስረዳት ለቀን ሠራተኛ ያስቸግራል። ፎርማኑ፣ አብረውት የሚሠሩት፣ የክፍያ መዝገቡ ፎቶ፣ በቴሌብር የገባለት ብር ሁሉ ማስረጃ ነው። የመድኃኒት ደረሰኝ፣ የላዳና የባጃጅ ወጪ፣ ያስታመመው ሰው ያጣው ገቢም ይመዝገብ። ሰነዶቹ በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ሆነው ክሱ በአፋን ኦሮሞ ከሆነ ማስተርጎሚያም ያዙ።

ሰው ከሞተ ካሳውን በቀለብ መልክ መጠየቅ የሚችሉት በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2095 የትዳር ጓደኛ፣ ወላጆችና ልጆች ናቸው። የጋብቻና የልደት ማስረጃ ዝግጁ ይሁን። ለኅሊና ጉዳት ግን ብዙ አትጠብቁ። ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ ጣሪያውን 1,000 ብር አድርጎታል። ለልጅ ሞት ሐዘን አንድ ሺህ ብር! ያኔ ብዙ ገንዘብ ነበር ይባላል፤ ዛሬ የድንኳን ኪራይ እንኳ አይሸፍንም።

8. ማንን እንክሰስ?

አብዛኛውን ጊዜ ሾፌሩ፣ ባለንብረቱና ኢንሹራንሱ በመዝገቡ ይገባሉ። ኢንሹራንስ ብቻውን አይበቃም፤ ጣሪያ አለው። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ ለሞትም ለአካል ጉዳትም ከፍተኛው 40,000 ብር ነበር። በእናንተ ጉዳይ የሚሠራበትን መጠን ጠበቃው ያጣራ። ከጣሪያው የሚተርፈው የሚጠየቀው ከባለንብረቱ ነው። የኢንሹራንሱ ሰው «የመጨረሻ ክፍያ» የሚል ወረቀት ካስፈረማችሁም ሽማግሌው ካመጣው ወረቀት ጋር አንድ ነው።

ባለንብረቱን ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። መኪና በውክልና ተሽጦ ስም ሳይዛወር ዓመት ይነዳል። ሊብሬ ላይ ያለው ሰው «ሸጬዋለሁ» ይላል፤ የገዛው «ስሙ የኔ አይደለም» ይላል። ስለዚህ ጠበቃው ክስ ከመጻፉ በፊት ከትራንስፖርት ቢሮ በሰሌዳው ማስረጃ ያውጣ፤ አስፈላጊ ከሆነም ሁለቱንም ያስገባ።

ገጭቶ ያመለጠ ወይም ኢንሹራንስ የሌለው መኪና ከሆነ ደግሞ የመድን ፈንዱ አለ። ዛሬ በመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት ሥር ነው። የፖሊስ ማስረጃና የሕክምና ሰነድ ይዛችሁ ሄዳችሁ አመልክቱ። ጉዳቱ የደረሰው አሠሪው ባቀረበው ሰርቪስ ወደ ሥራ ስትሄዱ ከሆነም በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ የሥራ ላይ ጉዳት ሊሆን ይችላልና ለጠበቃው ንገሩት።

9. ክሱ ከተከፈተ በኋላ

የመዝገብ ቁጥሩን ራሳችሁ ያዙ። ቀጠሮ ባለ ቁጥር ከቤተሰብ አንድ ሰው ይገኝ፤ ባይናገርም ጠበቃው ሲያየው ይተጋል። የቀረበው ሁሉ ኮፒ ቤታችሁ ይኑር። በክረምቱ የፍርድ ቤት ዕረፍት ከአስቸኳይ ጉዳይ በስተቀር ሥራው ይቀዘቅዛል፤ ያኔ «ጠበቃው ጠፋ» ብላችሁ አትደንግጡ።

ጠበቃውን መቀየር ትችላላችሁ። ውክልናውን በሰጣችሁበት ቢሮ ሽራችሁ ለፍርድ ቤቱም ለእሱም በጽሑፍ አሳውቁ። ፋይሉን በዝርዝር ተረከቡ። ለሠራው ያህል በውሉ መሠረት ሒሳብ ይተሳሰባል።

ፍርድ ሲሰጥ ግልባጩን ወዲያው አውጡ፤ ለይግባኝ ያለው ጊዜ 60 ቀን ነው። ካሸነፋችሁም ገንዘቡ በራሱ አይመጣም። የአፈጻጸም መዝገብ ይከፈታል። ባለዕዳው ካልከፈለ ንብረቱ እንዲከበር ይጠየቃል። ለዚህ ነው ጠበቃው ገና ከጅምሩ መኪናው ሳይሸጥና ስሙ ሳይዛወር እግድ እንዲጠይቅ መጠየቅ ያለባችሁ። እግዱ ከተፈቀደ ደብዳቤው ትራንስፖርት ቢሮ መድረሱንና መዝገብ ላይ መስፈሩን ራሳችሁ ሄዳችሁ አረጋግጡ።